ለአማርኛ ተናጋሪ ትራንስ ሰዎች የቻት ግሩፕ ልንከፍት ነው፣ ደንቡ ላይ እርዱን

ሰገነት
ሰላም ቤተሰብ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ትራንስ ሴት ነኝ፣ ስወለድ ወንድ ነው ያሉኝ፣ አንቺ በሉኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አማርኛ ለሚያወሩ ትራንስ ሰዎች የቻት ግሩፕ ልንከፍት እየተዘጋጀን ነው፣ መደጋገፊያ ማለቴ ነው፣ ጥንድ መፈለጊያ አይደለም። እንግሊዝኛ ላይ እንዲህ አይነት ግሩፕ ሞልቷል፣ ማን ከለከለ፣ ግን እናቴ ለወንድምህ ሰርግ ሚዜ ካልሆንክ እያለችኝ ነው ምን ልበላት ብለሽ እዛ ብትጽፊ መጀመሪያ ሚዜ ምን እንደሆነ ታስረጃለሽ፣ ቀጥሎ ለምን አክስትና አጎት ሁሉ እንደሚያገባው ታስረጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ትመጣና ከእናትሽ ጋር ግንኙነት አቁሚ ብላሽ ትሄዳለች። እኛ ደሞ እናታችንን ሳንተው መኖር ነው የምንፈልገው።

አሁን የከበደኝ ማን ይግባ የሚለው ነው። ሊንኩን በየቦታው ብንለቀው ተሳዳቢ ይሞላዋል፣ ከዛ የባሰ ደሞ ሰው ለማጋለጥ ብሎ የሚገባ አለ። በጥብቅ ብናጣራ ደሞ ማንንም የማያውቀው፣ ቤቱ ብቻውን ቁጭ ያለው ልጅ ነው ውጭ የሚቀረው፣ ግሩፑ የሚከፈተው ደሞ ለሱ ነበር። አንዷ አድሚናችን የሚገባ ሁሉ በቪዲዮ ፊቱን ያሳይ ትላለች። እኔ አልተዋጠልኝም። ልምድ ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ።

ሚጥሚጣ
ቪዲዮውን እርሺው። ትራንስ መሆን ፊት ላይ ተጽፎ ያየችው የት ነው? ገና ምንም ያልጀመረች ልጅ ጺሟን ይዛ ነው የምትመጣው፣ አድሚኗ አይታ አትመስይም ልትላት ነው? ሰው ዕድሜ ልኩን አስረዳ ሲባል ኖሮ አንድ የሚያርፍበት ቦታ አገኘሁ ሲል በሩ ላይ እንደገና ማስረጃ ሲጠየቅ በቃ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም።

ሌላው ደሞ ፊት የሰበሰበች አድሚን ስልኳ የተሰረቀ ቀን፣ ወይ ከናንተ ጋር የተጣላች ቀን ምን ይሆናል? (ሀበሻ ግሩፕ ደሞ አድሚኖቹ ሳይጣሉ ዓመት አይሞላም፣ ተዋወቁት ይሄን።) ያልሰበሰብሽው ነገር አይወጣብሽም። ስም አትጠይቂ፣ ሰፈር አትጠይቂ፣ ፎቶ አትጠይቂ፣ የት ነው የምትሰሪውም አትበይ።

እኔ ያለሁበት ግሩፕ ሁለት ክፍል ነው ያለው። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚገባው የውጨኛው ላይ ነው፣ እዛ አድሚኖችና የሚፈልጉ አባላት ብቻ ናቸው ያሉት፣ የግል ታሪክ አይወራበትም፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ምናምን ነው። ሰውየው ወይ ሴትየዋ ጥቂት ሳምንት ይቆያሉ፣ ከዛ ወደ ውስጥ። ለክፋት የመጣ ሰው ትዕግስት የለውም፣ ገና ከገባ ስንት ናችሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ማነው፣ እንገናኝ ወይ፣ ፎቶ ላኩ ይላል። የቸገረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚያነበው፣ ዝም ያለን ሰው ደሞ ለምን አትጽፍም እያላችሁ አታስጨንቁት።

ዋዜማ_ቴክ
ስለ መድረኩ እኔ ልበል ሙያዬ ስለሆነ። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ስልክ ቁጥርህ ለአባላቱ ይታያል፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ አለቀ። ቴሌግራም ሀበሻ ሁሉ ያለበት ስለሆነ ይመቻል ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከሚያወሩት ሰዎች በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም፣ ያ ያለው ሁለት ሰው ብቻ የሚያወራበት ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ላይ ነው። ሲግናል ላይ ግን ግሩፑም የተመሰጠረ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደሞ የተጠቃሚ ስም ስላመጡ ቁጥርህን ሳታሳይ መግባት ትችላለህ፣ ለመመዝገብ ቁጥር ቢያስፈልግም።

ቴሌግራም ካላችሁ ግን እነዚህን ሳታስተካክሉ ማንንም አታስገቡ፦ እያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥሬን ማንም አይይ የሚለውን ይምረጥ፣ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለውን ደሞ ኮንታክቶቼ ብቻ ያርገው፣ ኮንታክት ማመሳሰሉን ያጥፋ። አድሚን ጋ ደሞ ሊንኩ በፈቃድ የሚገባበት ይሁን፣ የድሮው ቻት ለአዲስ አባል እንዳይታይ አርጉ፣ ማስቀመጥና ፎርዋርድ ማድረግ የሚከለክለውን አብሩ፣ መልእክት በራሱ በሳምንት እንዲጠፋ አርጉ። ፎርዋርድ መከልከሉ ስልክ ላይ ስክሪንሾትንም ያግዳል ግን በሌላ ስልክ ካሜራ ፎቶ ከማንሳት አያግድም፣ እና ተዘግቷል ብላችሁ ሰው እንዳያንቀላፋ ንገሩ።

አንድ ማንም የማያስበው ነገር ልጨምር። የሆነ አባል ቁጥርሽን በድሮው ስምሽ ሴቭ ካረገው የሱ ስልክ ላይ ግሩፑ ውስጥ የሚታየው ስም የድሮው ነው። ስለዚህ የድሮ ጓደኛ ካለ ግሩፕ ውስጥ ኮንታክቱን ያስተካክል፣ ስክሪንሾት እንኳ ቢወጣ ስሙ አብሮ አይውጣ።

ስም_አይጠቅምም
አዲስ አበባ ነኝ። ውጭ ያላችሁ ልጆች ደንብ ስታወጡ እኛንም አስቡ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል ነው ይላል፣ ትራንስ የሚል ነገር ባይኖርበትም ሰፈር ውስጥ ማን ልዩነቱን ቁጭ ብሎ ይለይልሃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ ከነስሙ እየለጠፉ ሲያስፈራሩ የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባለው የኢትዮጵያ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና የትራንስ ሰዎች መብት ተሟጋችም በአደባባይ ጮኾ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ደሞ የከተማው የሰላምና ፀጥታ ቢሮ ሆቴልና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድኩ ነው ጠቁሙኝ አለ። ያኔ ብዙዎቻችን ከነበርንበት ግሩፕ ሁሉ ወጣን፣ አንዳንዱም ስልኩን ፎርማት አረገ።

ስለዚህ ግሩፑን ቀስተ ደመና ምናምን አትለጥፉበት። ስሙን የእቁብ ስም ስጡት፣ ፎቶውን የቡና ስኒ አርጉት። ስልኬን ታናሽ እህቴ ታየዋለች፣ እናቴ ቁጥር ደውዪልኝ ትላለች፣ ከላይ ብቅ የሚለው መልእክት ነው ሰው የሚያስይዘው እንጂ ሃከር አይደለም። ኖቲፊኬሽን ላይ ጽሑፉ እንዳይታይ ማድረግ ለአዲስ አባል መጀመሪያ የሚነገረው ነገር ይሁን፣ ከሰላምታም በፊት።

ደሞ ሁለት ቀን ከጠፋሁ ኔትወርክ ወይ ካርድ ነው፣ አትደንግጡ። ደንግጣችሁ ቤት ስልክ ደውላችሁ የት ሄደ ብትሉ ግን አበቃልኝ።

እውነት_ይነገር
[በአወያይ ተሰርዟል፦ ስድብና ማስፈራሪያ]

ሚጥሚጣ
ደሞ ይሄኛው ቶሎ መጣ ባካችሁ።

ሰገነት
ስም አይጠቅምም እግዜር ይስጥልኝ፣ የእቁቡ ነገር በጣም ነው የተመቸኝ። አንድ ጥያቄ ግን፣ የጠፋ ሰው ካለ እኛ ምን እናርግ ታዲያ? ዝም ማለትም ይከብዳል።

የድሮ_ሰው
ይሄን ጥያቄ ሰዎች ከኛ በፊት ጠይቀውታል። በፈረንጆቹ 90ዎቹ ውስጥ አሜሪካ ኦንላይን (AOL) የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ጋዜቦ የሚባል የትራንስ ቻት ሩም ነበር፣ ከሚመሩት መሀል አንዷ ግዌንዶሊን አን ስሚዝ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1998 ሪታ ሄስተር የምትባል ጥቁር ትራንስ ሴት ቦስተን ኦልስተን ሰፈር ቤቷ ውስጥ ተገደለች፣ ግዌንዶሊን ቻቱ ላይ ይሄ ነገር እኮ እዛው ቦስተን አካባቢ ከጥቂት ዓመት በፊት ሻኔል ፒኬት ላይ ከደረሰው ጋር ይመሳሰላል ስትል የሚያስታውሳት ሰው አጣች። በዛ ተናዳ ነው የሞቱትን ስም መመዝገብ የጀመረችው፣ በዓመቱ 1999 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሻማ በራ፣ አሁን በየዓመቱ ኖቬምበር 20 የሚታሰበው የትራንስ መታሰቢያ ቀን ከዛ መጣ። ማለትም ከቻት ሩም ወሬ ነው የተነሳው።

እና ግሩፕ ሰውን ማስታወስ አለበት፣ ግን አስቀድሞ ተስማምቶ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ግሩፑ ውስጥ ካለ አንድ ሰው ጋር ይጣመር፣ ብጠፋ ስንት ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ለማን ትነግራላችሁ፣ ለማን ፈጽሞ አትነግሩም የሚለውን ለጥንዱ ብቻ ይንገር። ለአድሚን ዝርዝር አይደለም፣ ሚጥሚጣ እንዳለችው ዝርዝር አደጋ ነው። አንዱ ለጓደኛዬ ንገሩ ይላል፣ ሌላው ለማንም አትንገሩ ዝም ብላችሁ ጸልዩልኝ ይላል፣ የሱ ምርጫ ነው።

ጋሽ_ታዛቢ
እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ሰው ነኝ፣ የእህቴ ልጅ ምክንያት ሆኖኝ ነው እዚህ የማነበው፣ በቅን ልቦና ነው የምጠይቀው። እንግሊዝኛው ላይ ቀላል ነው፣ አንድ ቃል ቀይሮ ማለፍ ነው። አማርኛ ላይ ግን ደህና አደርህ ሳልል ደህና አደርሽ ሳልል እንዴት ሰው ልጠይቅ? ግሱ ራሱ ይለያል እኮ። ግሩፑ ውስጥ ሰው እንዴት ሊግባባ ነው?

ሰገነት
ጋሼ እንኳን ጠየቁ። እኛ ያሰብነው አዲስ ሰው ሲገባ ሳይጠይቅ ማንም አንተም አንቺም እንዳይል፣ እስኪነግረን ድረስ እርስዎ ይባል ወይ ነገሩን ሰው በሌለበት መልክ ማዞር ነው፣ እንዴት ነው ዛሬ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ማለት ይቻላል። ወዳጄ ማለትም ለሁሉም ይሆናል።

ሚጥሚጣ
እርስዎ የሚለውን አልደግፍም እኔ። ሃያ ዓመት ላልሞላው ልጅ እርስዎ ብትይው የቀበሌ ቢሮ የገባ ነው የሚመስለው። ዝም ብላችሁ ጠይቁ፣ አንተ ልበል አንቺ ልበል ወይስ ሌላ። አንድ መስመር ነው። እኛ ጋ ሁለቱንም የማይፈልግ ሰው አለ፣ በብዙ ቁጥር ጥሩኝ ብሏል፣ እናንተ እንላለን፣ መጀመሪያ ሳምንት ተሳስቀናል፣ አሁን ለምደነዋል። የወሎ ዘመዶቼ አንቱ ይላሉ እሱም ያምራል የሚወደው ካለ።

ሲሳሳቱ ደሞ ሦስት መስመር ይቅርታ አትጻፉ። አንቺ ለማለት ነው ብሎ ማረምና ማለፍ። ይቅርታው ሲረዝም የተሳሳተውን ማጽናናት የተበደለችው ሥራ ይሆናል።

የኔታንያ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ እኔ እስራኤል ነኝ ትራንስ ወንድ ነኝ አማርኛዬ ትንሽ ነው ይቅርታ። ዕብራይስጥም እንደ አማርኛ ነው አንተ አንቺ አለው ግሱም ይለያል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ሰው ሲጽፍ ቃሉ መሀል ነጥብ አርጎ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጽፋል ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚጽፈው አሁን። አማርኛ ላይ ነህ/ሽ ብሎ መጻፍ ይቻላል አይደል?

ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ ያደግን ልጆች ፊደል አንብበን አንጨርስም፣ በላቲን ፊደል ነው አማርኛ የምንጽፈው ወይ ከዕብራይስጥ ጋር ቀላቅለን። ኢትዮጵያውያን ግሩፕ ውስጥ ስንገባ አማርኛህን ተማር ይሉናል ይስቁብናል። ደንብ ውስጥ አስገቡ ፊደል ማረም ክልክል ነው በሉ። ስለ ቤታችን ማውራት የምንችለው በአማርኛ ነው አያቴን የሚመስል ወሬ በዕብራይስጥ አይወጣልኝም።

ሰገነት
ገብቷል፣ ፊደል ማረም ክልክል። ደሞ አማርኛህ ምንም አይልም።

ነርስ_ሚኒያፖሊስ
ነርስ ነኝ፣ ትራንስ አይደለሁም፣ ግሩፑ ውስጥ አልገባም ግን ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ የሆርሞን መጠን ቻት ላይ እንዳይነገር፣ ማለቴ እኔ በቀን ይሄን ያህል ነው የምወስደው አንቺም ውሰጂ የሚለው። ልምድ ማውራት አይከልከል፣ ከጀመርኩ በኋላ ስሜቴ እንዲህ ሆነ፣ ሐኪሜ ይሄን ምርመራ አዘዘልኝ ይባል። ግን ኤስትሮጅን የደም መርጋት ጣጣ ሊያመጣ ይችላል፣ ቴስቶስትሮንን ለመግታት የሚወሰደው ስፓይሮኖላክቶን የፖታሲየም መጠን ያዛባል፣ ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ እነዚህ በሐኪም ክትትልና በምርመራ ነው የሚታዩት፣ ቻት ላይ ያለች እህት ልታያቸው አትችልም። ከፋርማሲ ጀርባ ገዝቶ የሚወስድ ሰው ካለም አትስደቡት፣ ስድብ ካለ ይደብቃል፣ ሲያመው እንኳን አይናገርም፣ ምርመራ የሚያደርግበት ቦታ እንዲያገኝ ነው መርዳት።

ሁለተኛ ራሴን ላጠፋ ነው የሚል ሰው ሲመጣ። ይመጣል፣ ሌሊት ነው የሚመጣው። ያኔ ግሩፑ በሙሉ በአንዴ አይረባረብ፣ አንድ አድሚን ለብቻው ያናግረው፣ በቀጥታ ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። እንዴት ሊያደርገው እንዳሰበ ይዘርዝር ግን ግሩፑ ላይ አይደለም፣ ሌላው ያነባል። አሜሪካ ላላችሁ 988 የሚባል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የሚደወልበት መስመር አለ፣ በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ለትራንስና ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወጣቶች 3 ተጫኑ የሚለው መስመር ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ተዘግቷል፣ የድሮ ፖስተር ላይ አይታችሁ እንዳትጽፉት። ትራንስ ላይፍላይን የሚባል የስልክ መስመር ደሞ አለ፣ 877-565-8860፣ የሚያነሱት ራሳቸው ትራንስ ሰዎች ናቸው፣ ካልፈቀድክ ፖሊስ አይልኩብህም፣ ይሄ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሚሰራው ግን ለአሜሪካና ለካናዳ ነው፣ ይሄ ቁጥር የአሜሪካው ነው፣ ካናዳ ሌላ ቁጥር አለው። አዲስና ቤይሩትና ጅዳ ላሉት ያ የለም፣ ስለዚህ እዛ ያለ ሰው ሲመጣ እስኪነጋ አብሮ መቆየት የሚችል ሰው ከአሁኑ አስቡ።

ስም_አይጠቅምም
ቤይሩት ካልሽ አይቀር፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሰራ ልጅ ስልኳን ማዳም ልትቀማት ትችላለች። ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ እንዲታወቅ አንድ ቃል ይኑራችሁ፣ ከጥንዷ ጋር ብቻ የተስማማችው። በዛ ቃል ካልመለሰች እሷ አይደለችም፣ አድሚኑ ወዲያው ያስወጣት፣ በኋላ ትመለሳለች።

ዋዜማ_ቴክ
ገንዘብም ጻፉበት። ግሩፑ ውስጥ ብር መጠየቅ ክልክል ይሁን፣ ለትኬት፣ ለቪዛ፣ ለቤት ኪራይ ምንም። የቸገረው እንዳለ አውቃለሁ ግን አንዴ ከተከፈተ አጭበርባሪው ነው የሚበዛው። ከዛ የባሰው ደሞ በኢንቦክስ ተግባብቶ ፎቶ ተቀብሎ ብር ካላክሽ ለቤተሰብሽ እነግራለሁ የሚለው ነው። እንደዛ ያጋጠመው ሰው አይክፈል፣ የከፈለ ሰው በሳምንቱ እንደገና ነው የሚጠየቀው። መልእክቱን ያስቀምጥ፣ ብሎክ ያርግ፣ ለአድሚን ቶሎ ይናገር፣ አድሚኑም ለምን ፎቶ ላክሽ ብሎ አይጀምር።

ሚጥሚጣ
ለዛ ነው ሳያስፈቅዱ ኢንቦክስ መግባት የሚከለከለው። ትራንስ ሴት ፍለጋ ብቻ የሚገቡ ወንዶች አሉ፣ መጀመሪያ መልእክታቸው ቆንጆ ነሽ ነው፣ ሁለተኛው ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው። ግሩፑ ላይ ላናግርሽ እችላለሁ ብሎ ይጠይቅ፣ እሺ ካለች ይግባ፣ ዝም ካለች ዝምታዋ እምቢ ነው። ቮይስም አስገድዳችሁ አታስልኩ፣ ድምፁን መስማት የሚያመው ሰው አለ፣ በድምፅ የሚታወቅም አለ።

እናት_ዳላስ
ልጆቼ እንደምን አላችሁ። የኔ ልጅ በቅርቡ ነው የነገረኝ፣ አሁን ልጄ ሴት ናት ማለት እየተማርኩ ነው። እሷ አታወራኝም ብዙ። ግሩፑ ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ ባነብ ምን እንደሚሰማት ይገባኝ ነበር፣ አንድ ቃል አልናገርም።

ሰገነት
እማ እንኳን ደህና መጡ። ልቤ እሺ በይ ይለኛል ግን አይሆንም። እርስዎ ዝም ብለው ቢያነቡም ሌሎቹ እናት አለች ብለው ዝም ይላሉ፣ ስለ እናታቸው ነው ብዙውን የሚያወሩት። ምናልባት ልጅዎም እዛው ትሆናለች፣ ሳይተዋወቁ ጽሑፏን ቢያነቡ ለሷ ከባድ ነው። ለወላጆች ለብቻው ይሻላል። እንግሊዝኛ ከተመቸዎት ፒፍላግ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ የወላጆች ማኅበር ነው፣ በብዙ ከተማ ስብሰባ አለው። ልጅዎን ደሞ ዛሬ ምን በላሽ ብለው ይጀምሩ፣ በአንቺ ከጠሯት ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

እናት_ዳላስ
እሺ ልጄ። በአማርኛ የወላጆች ካለ ወይ የሚከፍት ካለ እኔ አለሁ፣ ቡና አፈላለሁ።

ጋሽ_ታዛቢ
እኔም አለሁ እመቤቴ፣ አጎትም ከተፈቀደ።

የድሮ_ሰው
ሃይማኖትና ፖለቲካስ?

ሰገነት
ፖለቲካ ሙሉ በሙሉ ክልክል፣ ብሔር ከተነሳ መልእክቱ ይሰረዛል፣ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ለሳምንት ዝም ይባላል። በዚህ ሀበሻ ግሩፕ ስንት ተበትኗል። ሃይማኖት ላይ ግን መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ እንከልክል ብለን ነበር፣ ከዛ በዓል ሲመጣ ምን ልናረግ ነው አልን። ቤተሰብ ጋ መሄድ የማይችል ሰው የፋሲካ ለሊት ነው የሚከፋው፣ ሙስሊሙም ኢድ ላይ እንደዛው። እና እንኳን አደረሳችሁ፣ ጾም እንዴት ነው፣ ቤተክርስቲያን መሄድ ናፈቀኝ ማለት ይቻላል። ኃጢአት ነው አይደለም ክርክር፣ ጥቅስ መለጠፍ፣ ወዲህ ወይ ወዲያ ለመለወጥ መሞከር አይቻልም፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን።

ሚጥሚጣ
አድሚንስ? አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ነው የሚበላሸው። ሰው ለማባረር ቢያንስ ሁለት አድሚን ይስማማ፣ ከአደጋ በስተቀር። አድሚንም እረፍት ይውሰድ፣ ወር ይውጣ ሌላ ይተካ፣ የሰው ሐዘን በየሌሊቱ ማንበብ ቀላል አይደለም።

ሰገነት
ጻፍኩት። እንግዲህ እንዲህ ነው ያልኩት፦ ካልነገረህ ሰው ፆታ አትገምት፣ የድሮ ስም አትጠይቅ፣ ስለ ሰው ሰውነትና ኦፕሬሽን እሱ ካላነሳው አታንሳ፣ እዚህ ያነበብከውን ለባልህም ለሚስትህም አታውራ፣ ስክሪንሾት ያወጣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ከ18 ዓመት በታች አይገባም ግን ዝም ብሎ አይባረር፣ ለዕድሜው የሚሆን ቦታ ይጠቆም። ሌላውን ከላይ ካላችሁት ወስጃለሁ። የመክፈቻ ቻት እሁድ 2 ሰዓት።

ዋዜማ_ቴክ
ከ18 በታች ለሆኑት ትሬቨርስፔስ የሚባል የትራንስና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወጣቶች የኦንላይን መገናኛ አለ፣ ከ13 እስከ 24 ዓመት ላሉ ነው፣ እንግሊዝኛ ቢሆንም እሱን ጠቁሙ።

ስም_አይጠቅምም
2 ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ? የትኛው አገር?

ሰገነት
ውይ ትክክል። በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ዲሲ፣ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት በኛ አቆጣጠር። ኖቬምበር ላይ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ለናንተ 4 ይሆናል፣ ያኔ አንድ ሰዓት እኛ እንቀድማለን እናንተ በ3 ቆዩ።

ስም_አይጠቅምም
ይመቻል። እህቴ በዛ ሰዓት ድራማ ላይ ናት።